በድልድዩ ሥር ምቀኛ ይመታል

እኔ ሥራዬ ምቀኛ መምታት ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ መኪናው ከላይ እያጓራ በሚያልፍበት ድልድይ ሥር ዝቅ ያለች የፕላስቲክ በርጩማ አለችኝ። ደንበኛ መጥቶ የሚያንገበግበውን ሰው ስም ይነግረኛል። ስሙን በሰው ቅርጽ በተቆረጠ ወረቀት ላይ እጽፍና ወረቀቱን ጡብ ላይ አስተኝቼ በሟቹ ባሌ ነጠላ ጫማ እቀጠቅጠዋለሁ። እጁን እንዳይዘርፍ፣ እግሩን እንዳይደርስብህ፣ አፉን እንዳያማህ እያልኩ ነው የምመታው። ከዚያ ከወረቀት ለተሠራው ነብር አፉን የአሳማ ጮማ እቀባዋለሁ፤ የጠገበ ነብር ሰው አይነክስም። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አቃጥዬ ሁለቱን የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች መሬት ላይ እጥላለሁ። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ካረፈ ሰማይ እሺ ብሏል። ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ሰማይ እየሳቀ ነውና ጉዳዩ አላለቀም።

እውነት ይሠራል ወይ እያሉ የሚያሾፉብን አይጠፉም። ከጎኔ የምትቀመጠው እትዬ ቾይ ለእንዲህ ያለው ሰው መልስ አላት። "አማትህን ካንተ የባሰ የምትሰድብልህ ሴት ሌላ የት ታገኛለህ?" ትለዋለች።

ልጄ ሆይ-ላምም ከሚያሾፉት ወገን ነበር። "ማሚ፣ ወረቀት በመምታት የሰው ኑሮ አይሻሻልም" ብሎኝ፣ በሩቅ አገር፣ ሦስት አገሮች ወንዝ ዳር በሚገናኙበት ጠረፍ ላይ ባለ ትልቅ ቁማር ቤት የኮምፒውተር ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ መኝታው በነጻ፣ ምግቡ ከድርጅቱ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሱ ነው። ከቁማር ቤቱ ጀርባ በግንብ የታጠረ ግቢ አለ። የገባ ሰው ፓስፖርቱን ይቀማል፤ ከዚያ ስልክ ላይ ተጥዶ ቆንጆ ሴት እየመሰለ በሰው አገር ያለ ብቸኛ ሽማግሌ በፍቅር ማታለልና ጥሪቱን ማራገፍ ነው ሥራው። እምቢ ያለ ይደበደባል። ልውጣ ያለም ይደበደባል።

ይህን ከጋዜጣ ነው የለቀምኩት እንጂ እሱ አልነገረኝም። እሁድ እሁድ እየደወለ "ደህና ነኝ ማሚ፣ በየቀኑ መራራ ዱባ እየበላሁ ነው፣ ሲጣፍጥ" ይለኛል። ሆይ-ላም ከተወለደ መራራ ዱባ አፉ ገብቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ በግድ ላጎርሰው ስል እጄን የነከሰበት ጠባሳ ዛሬም አለ። ከጎኑ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ በመራራ ዱባው አወቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ቃሌን የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ነው፣ ሻይም ሰጠኝ። "እናቴ፣ የግቢው ባለቤት ማን እንደሆነ እኛም እናውቃለን፤ እሱ ግን አላውቀውም ይላል። በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በእሱ ትእዛዝ ነው ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አጣን" አለኝ። የሚመሰክሩት እነማን ናቸው? ግንቡ ውስጥ ያሉት ናቸዋ።

ሰውዬው ኩዋን ሲዩ-ቲን ይባላል። ብዙ ቁማር ቤት አለው። በዚያ ክረምት በአምስት አገር የተዘረጋ የወንጀል ቡድን ይመራል ተብሎ ተከሰሰና በዋስ ወጣ። በቴሌቪዥን ቀርቦ "እኔ የሆቴል ሰው ነኝ። ግቢ የምትሉትን በሕልሜም አላየሁት" አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሲናገር ዓይኔ ከጉንጩ ላይ አልነቀል አለ። እዚያ ካለው ጥቁር ነጥብ ላይ ሦስት ረጃጅም ፀጉሮች ተንዘርፍፈዋል፤ ዕድሌ ናቸው ብሎ ቆርጧቸው አያውቅም።

ከክሱ በኋላ እኔ ሥራ በዛብኝ። የኩዋን ሰዎች አንድ በአንድ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው እየመጡ "ኩዋን ሲዩ-ቲንን ምቺልኝ" ይላሉ። ሒሳብ ሠራተኛው መጣ። ሁለተኛ ሚስቱ መጣች። ቢዩ የሚባል ወፍራም ሹፌሩም መጥቶ፣ የአለቃውን ስም ሲነግረኝ ድምፁ ስለጠፋበት ሦስቴ አስደገምኩት። ኩዋንን ስመታው እጄ አይደክመውም ነበር። እትዬ ቾይ "ቀስ በይ እንጂ ሳም-ሙይ፣ ጡቡን ልትሰብሪው ነው" ትለኛለች።

ትሎች ከመሬት ይነቃሉ፣ ምቀኛም ያኔ ይመታል በሚባልበት በመጋቢት መባቻ ድልድዩ ሥር ሰልፉ እንደ ጉድ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኮፍያ ያጠለቀ፣ አፉን የሸፈነ ሰውዬ ተራውን ጠብቆ ፊቴ ተቀመጠ። ከመሸፈኛው ጠርዝ ሥር ሦስት ፀጉሮች ወጥተው በነፋሱ ይወዛወዛሉ። ከኋላው ቢዩ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ዓይናችን ሲገጥም ፊቱን በጃንጥላው ከለለ።

"ምቀኛህ ማነው?" አልኩት።

"እሱን ባውቅ አንቺ ጋ ምን አመጣኝ?" አለ ኩዋን። "አንድ ሰው አሳልፎ ሰጥቶኛል። ሁሉንም ምቺልኝ።"

"በጅምላ አልመታም፣ አለቃ። ይሄ ጫማ አድራሻ ይፈልጋል።"

ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ንገሪኝ፣ እትዬ። የኔን ስም ይዞ እዚህ የመጣ ሰው አለ?"

ቢዩ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ከድልድዩ ሥር ደግሞ ሰማይ አይታይም።

"ሐኪምና ምቀኛ መቺ የሰው ገመና አያወጡም" አልኩት።

"ሰሃን እያጠብኩ ያደግሁበት ሥራ ይመስክርብኝ፣ እኔ ሰው በድዬ አላውቅም" አለ። እያለ ያምነዋል እኮ፣ የሚያናድደው እሱ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ "የከሰሰኝ ሰው" ብዬ ጻፍኩና መታሁ። ያለ ልቤ ነው የመታሁት፣ አልዋሽም። እንጨቶቹን ጣልኩ። ሁለቱም ተንጋለሉ። ደገምኩ፣ ተንጋለሉ። ሠለስኩ፣ ተንጋለሉ። ኩዋን መሸፈኛውን ከአፉ ላይ አወረደ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የሳቀው እኔ አይደለሁ።"

"መላ ካለው ንገሪኝ በቃ። የፍርድ ቤቱ ቀን ደርሷል።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሰውዬው የሰማውን ሁሉ ሊያደርግ የተዘጋጀ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ዕድሉ የጨለመበት ሰው ነፍስ ይለቃል። ከገበያ ወፍ ወይ ዓሣ ይገዛና ነጻ ያወጣዋል፤ ሰማይም ያንን ቆጥሮ ለእሱ በሩን ይከፍትለታል። ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ነው፤ እኔም ለደንበኛ ሁሉ የምለውን አልኩት፤ "ነፍስ ልቀቅ።"

"እሱማ ቀላል ነው" ብሎ ተነሳ። ልጄ የታሰረበትን ቁልፍ የያዘው ሰው ከፊቴ ተነስቶ ሲሄድ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቀረሁ። "ልጄን ስጠኝ" ብለው ማንነቴን ያውቃል፤ ያኔ ሆይ-ላምን ወደ ሌላ ግቢ ያሻግሩትና የእሁዱም ስልክ ይቀራል። ይህን እያሰብኩ የሚቀጥለውን ደንበኛ ስም ተሳስቼ ጻፍኩ፤ የሆነ የማላውቀው ሰው በከንቱ ተመታ።

ኩዋን ሀብታም ነውና እንደ ሀብታም ለቀቀ። አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ኤሊ ገዝቶ ወደቡ ላይ አስገለበጠ። ችግሩ ኤሊዎቹ የኩሬ ኤሊዎች ናቸው፣ ባሕሩ ጨው ነው። ቅዳሜ ሊዝናኑ የወጡ ቤተሰቦች ፊት ኤሊዎቹ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ሕፃናት አለቀሱ። በቴሌቪዥን ታየ። አቃቤ ሕጓ በአምስቱ አገር ወንጀል ላይ እንስሳትን ማሰቃየት የሚል አንድ ክስ ጨመረችለት።

በሳምንቱ ኩዋን ኮፍያም መሸፈኛም ሳያደርግ መጣ። ሰልፉን በክርኑ እየገፋ፣ ቢዩን እየጎተተ።

"አንቺ አሮጊት፣ ልትቀብሪኝ ነው? ጠበቆቼ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነው ጮኹብኝ።"

"ቁጭ በል" አልኩት። "ኤሊዎቹን ከየት አመጣሃቸው?"

"ከገበያ ነዋ።"

"ማን ነበር ያሰራቸው?"

"ነጋዴው።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ቀድሜ አስቤበት ቢሆን ኖሮ ብልህ ነኝ እል ነበር፤ ግን አፌ ነው የቀደመኝ። "እና የሌላ ሰው እስረኛ ገዝተህ ሰማይን ልትሸነግለው ነው? ነጋዴው እኮ አንተ እንደምትገዛቸው ስላወቀ ነው ያጠመዳቸው። ሰማይ የሚቆጥረው አንተ ራስህ ያሰርከውን ነፍስ ስትለቅ ነው። ያሰርከው ከሌለህ ምንም አትጨነቅ፣ ነጻ ሰው ነህ፣ ቤትህ ግባ።"

ሦስቱ ፀጉሮች ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር። ቢዩ ጫማውን ያያል። እትዬ ቾይ መምታቷን አቁማ ጆሮዋን ሰጠችን፤ ደንበኛዋም እንዲሁ።

"እንበልና..." አለ ኩዋን። "አንድ ሰው... እኔ ሳልሆን ማለት ነው..."

"አንተ ሳትሆን።"

"አንድ ሰው የታሰሩ ነፍሶች ቢኖሩት፣ ከአሥሩ አንዱን ቢለቅ ይበቃዋል?"

"አንተ በዕዳህ ከአሥር አንድ ለከፈለህ ቁማርተኛ በሩን ትከፍታለህ?"

"ግማሹን።"

"ዓሣ ተራ መሰለህ እንዴ? ሁሉም ነው። ክንፉ እንደተቆረጠ የተለቀቀ ወፍም አልተለቀቀም። የቀማሃቸው ወረቀት በእጃቸው፣ የመንገድ ስንቃቸው በኪሳቸው። ተመልሶ የሚይዛቸው ካለ ሰማይ አንተን እጥፍ አድርጎ ያስርሃል።" አንዱን ለማውጣት ሁሉንም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ደግሞም የሌላዋም እናት ልጅ እሁድ እሁድ ምን እየበላ እንደሆነ ሲዋሽ ታየኝ።

"ፍርዱ ካለፈ በኋላ ባደርገውስ?"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።"

"ጠበቆቼ አይፈቅዱም።"

"ሰማይ ከጠበቃ ጋር አይነጋገርም።"

ኩዋን ላቡን ጠረገ። "እንጨቶቹን ጣያቸው" አለ። "እሺ ካሉ አደርገዋለሁ። ከሳቁ ደግሞ አንቺንም በርጩማሽንም ወደቡ ውስጥ እጨምራችኋለሁ።"

በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። አንድም ቀን ግን ሰማይን ከልቤ ለምኜው አላውቅም፤ የምለምነው በደንበኛ ሒሳብ ነበር። በዚያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ በራሴ ሒሳብ ለመንኩ። እንጨቶቹ ሲያርፉ ለማየት ፈራሁ። "አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው" ያለችው እትዬ ቾይ ናት። ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበር፤ የሆይ-ላምን ነገር ታውቃለች።

ሊሄድ ሲነሳ ከልማድ የተነሳ አንድ ነገር ጨመርኩ። ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነው፣ ተንኮል አልነበረበትም። "ስምህን ጥራ። ራስህ በአንደበትህ፣ 'እኔ እገሌ ለቅቄያችኋለሁ' ካላልክ ሰማይ ምጽዋቱን ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም። ለጎረቤትህ ይጽፈዋል።"

"ለጎረቤቴማ አይጽፈውም" አለ ኩዋን። የንግድ ሰው ነው፤ ይህ ወዲያው ገባው።

የሆነውን ሆይ-ላም ነው ያጫወተኝ። ጠዋት ሥራ ላይ እንዳሉ የግቢው ድምፅ ማጉያ አጓራ። ሁልጊዜ የሚሰማው ስድብ ነበርና ሁሉም አንገቱን ቀበረ። በስልክ የመጣ የሽማግሌ ድምፅ ግን ጉሮሮውን ጠረገና "እኔ ኩዋን ሲዩ-ቲን ነኝ። እኔ ኩዋን ሲዩ-ቲን ሁላችሁንም ለቅቄያችኋለሁ። በሩን ክፈቱ፣ ወረቀታቸውን ስጧቸው" አለ። ሰማይ በደንብ እንዲሰማው መሰለኝ፣ ሁለቴ ደገመው። ጠባቂዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተ። እንግዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ምንም ይጥፋ ስልክ አይጠፋም። አንዱ ሰው በአምስት ስልክ ነበር የሚሠራው። ኩዋን ገና ስሙን ሲጠራ የግቢው ስልክ ሁሉ ይቀዳ ጀመር።

አውቶቡስ ቆሞ ጠበቃቸው። ቢዩ ራሱ ነበር በር ላይ ቆሞ ሩዝና እንቁላል የሚያድለው። ሆይ-ላም "አንድ ወፍራም ሰውዬ ሁለት እንቁላል ሰጠኝ፤ ስሜን ሲሰማ ደግሞ ሦስተኛ ጨመረልኝ" ብሎኛል። ቢዩ ስንት ነገር እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ልጄ ቤት ሲገባ ሸሚዙ ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አላቀፍኩትም መጀመሪያ፤ ገበታው ላይ አስቀመጥኩትና መራራ ዱባ በእንቁላል ጠብሼ አቀረብኩለት። አየው። ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው።

"ማሚ፣ ይሄን አልበላም" አለኝ።

ያኔ ነው ያቀፍኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሱም አለቀሰ፣ ዱባውም በረደ።

ፍርድ ቤት እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ኩዋን ፊቱ ወዝቶ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ሰማይ ያለበትን ዕዳ ሊከፍለው እንደመጣ ሰው ተረጋግቶ ነበር። ጠበቃው ተነስቶ ደንበኛዬ ከዚያ ግቢ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም አለ። አቃቤ ሕጓ ቀጠን ያለች ሴት ናት። አልተከራከረችም። አንድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነካችው። "እኔ ኩዋን ሲዩ-ቲን ነኝ" አለ ስልኩ።

"የማያውቁት ግቢ በር የእርስዎን ድምፅ ከየት አወቀው?" ብላ ጠየቀችው።

ከዚያ ከግቢው የወጡት ገብተው መሰከሩ። ሆይ-ላምም መሰከረ፤ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። ኩዋን ጠበቆቹን አላየም፣ ዳኛውንም አላየም። ጣራውን ሲያይ ነበር፤ እንዴት እንዲህ ትከዳኛለህ የሚል ይመስላል። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች። ፍርዱ ሲነበብ ሦስቱ ፀጉሮች እንኳ ዝም አሉ።

ዝናቡ ሲጀምር ቢዩ በርጩማዬ ፊት መጥቶ ተቀመጠ። ከስቷል፣ አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ሐሙስ ሐሙስ ግን እስር ቤት ሄዶ ኩዋንን ይጠይቃል፤ ሌላ የሚጠይቀው የለማ።

"እማማ፣ አለቃ ልከውኝ ነው" አለኝ። "ለእርስዎ ሰላምታ ብለዋል። በሰማይ አልተቀየሙም። መሃል ላይ የገባ አንድ ምቀኛ ነው ሥራዬን ያበላሸው ይላሉ። እሱን እንዲመቱላቸው ነው።"

"ማነው ይላል?"

"አላወቁትም። እማማ ሳም ሰማይን ትጠይቅና ስሙን ራሷ ታገኘዋለች ብለዋል። እርስዎን እንጂ ሌላ ሰው አላምንም አሉኝ።" ቢዩ ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም።

የተከፈለበት ሥራ የተከፈለበት ሥራ ነው። ወረቀት ቆረጥኩ፤ ብሩሼን ነክሬ የራሴን ስም፣ ፉንግ ሳም-ሙይ ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ቾይ አንገቷን አስግጋ አነበበችና ሳቋን በእጅጌዋ አፈነች። ራሴን ጡቡ ላይ አስተኛሁ። እጄን መታሁ፣ በሰው ጉዳይ እንዳልገባ። እግሬን መታሁ፣ ሩቅ እንዳልደርስ። አፌን ግን ለይቼ አምርሬ ነው የመታሁት፤ የሚገባው እሱ ነዋ። ቢዩ ተነስቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝና በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

በማግስቱ ከአልጋዬ ልነሳ ስል ቀኝ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ሆይ-ላም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በመድኃኒት ዘይት ያሸኝ ጀመር። ዛሬም በሥራዬ እንደሳቀ ነው።

"ምን ሆነሽ ነው፣ ማሚ? ማን መታሽ?"

"ሙያ ያላት አንዲት ሴት" አልኩት። "አንተ ግን አይሠራም ትላለህ።"